የቤት ቁጥር

ሰቆጣ የገባነው መስከረም 2012 ዓ.ም. ነው። አራት ነበርን፤ አራታችንም ከሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ፣ ከአንድ መንደር፣ ከአንድ ክፍል። መንደራችን ከስምንተኛ በላይ ትምህርት ቤት ስላልነበራት ዘጠነኛን ለመማር የፈለገ ሁሉ ከተማ መግባት ግዱ ነበር። ከቤታችን እስከ ሰቆጣ ለእግረኛ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ያውም ዳገትና ቁልቁለት። ተመላልሶ መማር የማይታሰብ ስለሆነ፣ በዋግ አገር የገጠር ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ድርቆሹንና ሽሮውን በአህያ ጭነን፣ አባቶቻችን ፍየል ሸጠው የሰጡንን ብር በጨርቅ ቋጥረን ቤት ፍለጋ ወጣን።

ቤት ፍለጋ እንግዲህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ቀን ስድስት በር አንኳኳን። «ስንት ናችሁ?» ይሉናል። «አራት» እንላለን። «አራትማ አይሆንም፤ ውኃ ትጨርሳላችሁ፤ ሽንት ቤት ትሞላላችሁ።» በሩ ይዘጋል። ሰባተኛዋ ሴት ግን ስንት እንደሆንን አልጠየቀችንም። «የማን ልጆች ናችሁ?» አለችን፣ በኽምጣኛ። የአባቶቻችንን ስምና የደብራችንን ታቦት ነገርናት። «በሉ ግቡ፤ ፀሐይ ላይ አትቁሙ» አለችን። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ታላቅ እኅት እትዬ እያልን ጠራናት፤ እዚህም በዚሁ እንጠራታለን።

ክፍላችን ግድግዳዋ ድንጋይና ጭቃ፣ ጣሪያዋ ነፋስ እንዳይወስደው በድንጋይ የተጫነ ቆርቆሮ ነበር። መስኮት የላትም። አራታችን ጎን ለጎን ስንተኛ አንዱ ከተገላበጠ ሁሉም መገላበጥ ነበረበት። ኪራይዋ በወር 400 ብር ሲሆን ለእያንዳንዳችን 100 ብር ደረሰን። ጥጉ ላይ ጉልቻችንን ጎለትን፤ በአጠገቡ መጻሕፍታችንን ደረደርን። ጢሱ መጻሕፍቱን አጠቆራቸው። እስከ ዛሬ ድረስ የዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ሲነሳ የሚሸተን የጭራሮ ጢስ ነው።

መጀመሪያ ቤቱ የእትዬ መስሎን ነበር። ኋላ ነው እሷም እንደኛው ተከራይ መሆኗን የተረዳነው። ባለ ሁለት ክፍሉን ቤት ከአንድ ሽማግሌ በ900 ብር ተከራይታ፣ አንደኛዋን ክፍል ለእኛ ለቃ፣ በሁለተኛዋ ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ እንደ ወረደ አልተመለሰም። «ሞተ» የሚል አልመጣም፤ «አለ» የሚልም አልመጣም።

እትዬ የቀን ሠራተኛ ነበረች። ሌሊት ተነሥታ ለልጆቿ ቂጣ ትጋግርና ሲነጋጋ ቀጣሪዎች ሰው ወደሚመርጡበት አደባባይ ትሮጣለች። የቀናት ዕለት ድንጋይ በባሬላ ታመላልሳለች፤ አሸዋ ትነፋለች፤ ሲሚንቶ ለሚያቦኩት ውኃ ትቀዳለች። በቀኑ 90 ብር ይከፈላት ነበር። ያልቀናት ዕለት ተመልሳ ጌሾ ትወቅጣለች፤ በገበያ ቀን ጠላ ትሸጣለች። ሥራው በወር ውስጥ አሥራ አምስት ቀን ቢገኝ 1,350 ብር ነው። ከዚህ ላይ የራሷን ድርሻ 500 ብር ኪራይ ስታነሣ 850 ይቀራል። አራት ነፍስ በዚያች ይበላል፣ ይለብሳል፣ ይማራል፣ ይታመማል። ይህን ሒሳብ በዚያን ጊዜ አላሰላነውም። የቤት ሥራችን ላይ ያለውን ሒሳብ ስናሰላ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሒሳብ አልታየንም።

አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ፤ ዋግ የድንጋይ አገር ነው። የድንጋይ እጥረት አለበት ብሎ የሚያማው የለም። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ የቀደሙት ዋግሹሞች አስከሬን እዚያ እንዳረፈ ይነገራል። በዚህ አገር መኳንንቱ ሞተው እንኳ የአለት ቤት አላቸው። ድንጋዩን በባሬላ የምትሸከመው እትዬ ግን በምትሸከመው ድንጋይ የተሠራ ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት አድራ አታውቅም። የምትሠራው ለሰው ነው፤ የምታድረው በሰው።

ከተማ የገባችበት ታሪክ ከብዙዎች ታሪክ የተለየ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ዋግን ክፉኛ በመታ ጊዜ እህሉም ፍየሉም አለቀ። እስከዚያ ድረስ በገጠር ቀበሌዋ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ነበረች። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው፣ ድርቅ በመጣ ቁጥር በነፍስ አድን እርዳታ ከመሯሯጥ፣ በየዓመቱ ምግብ የሚያጥረው ቤተሰብ አስቀድሞ ታውቆ በየዓመቱ እንዲረዳ ነው። መሥራት የሚችለው በወር ለተወሰኑ ቀናት እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ለዚያም እህል ወይም ገንዘብ ይሰጠዋል። መሥራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በዋግ ተራሮች ላይ የተደረደረው እርከን ብዙው የዚህ ሥራ ውጤት ነው፤ እናቶቻችንም ሠርተውበታል።

ነገር ግን ስሙ የሚጻፈው በቀበሌው ነው። እትዬ ልጅ አዝላ ከተማ ስትገባ ስሟ ገጠር ቀረ፤ ጥቂት ቆይቶም «የለችም» ተብሎ ከገጠሩ መዝገብ ተሰረዘ። በከተማው መዝገብ ደግሞ አልገባም። እርሷው አንድ ቀን ጌሾ እየወቀጠች «ከዚያ ወጣሁ፤ እዚህ አልገባሁም፤ በሩ ላይ ነኝ» ያለችን እስካሁን በጆሯችን አለ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎን ሳቅን።

ቀልድ አለመሆኑን ያወቅነው ትንሿ ልጅ በታመመች ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ደረቷ ሲያፍን ሌሊቱን ሙሉ በግድግዳው በኩል ይሰማናል። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ መድኃኒት ታዘዘ። ከወረፋው ላይ አንዲት ሴት ለእትዬ «የጤና መድን የለሽም እንዴ?» አለቻት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳ የተስፋፋ ነው። ገበሬውና በግሉ የሚሠራው ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም ግን ከኪሱ አይከፍልም። መዋጮውን እንኳ መክፈል ለማይችለው የደኃ ደኃ መንግሥት ይከፍልለታል። ከዚህ የተሻለ ለእትዬ የተሰፋ ልብስ ከየት ይመጣል? ደስ አለን። «እኛ እንጽፍልሻለን» አልናት።

እትዬ የምትናገረው ኽምጣኛ ነው፤ አማርኛውን ትሰማለች፣ ግን አትጽፍም። እኛ ደግሞ በአማርኛ ድርሰት ከክፍላችን አንደኞች ነን ብለን የምንመካ ነበርን። ማመልከቻውን ሌሊቱን ተከራክረን ጻፍነው። «ለክቡርነትዎ» ብለን ጀመርን። የባሏን መጥፋት፣ የልጇን ሳል፣ የባሬላውን ክብደት ሁሉ አሰፈርን። አንዱ «እንባዋን እያዘራች» የሚል ሲያስገባ ሌላው «ይኼ በዛ» ብሎ ሰረዘው። በማግስቱ ከእርሷ ጋር አራታችንም ወደ ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ፤ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያም ቀና ብሎ አየን።

«እናንተ ናችሁ የጻፋችሁት?»

«አዎ።»

«ጥሩ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው። የቤት ቁጥሩ የት አለ?»

ዝም አልን።

«የነዋሪነት መታወቂያ ሳትይዝ መድን አይወጣላትም። መታወቂያ የሚሰጠው በቤት ቁጥር ነው። ተከራይ ከሆነች ባለቤቱ መጥቶ ይፈርምላት።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ለእትዬ ወንበር ሰጥቷታል። የታዘዘውን ነው የሚያደርግ፤ ምናልባትም በየቀኑ ለሃያ ሰው ያንኑ የሚናገር ነበር። እኛ ግን በሕይወታችን የመጀመሪያውን የሥነ ጽሑፍ ሂስ የሰማነው ከእርሱ ነው ብንል አልዋሸንም። ያማረ ቃል ሁሉ ከአንዲት ቁጥር በታች ዋለ።

ወደ ቤቱ ባለቤት ሄድን። ጋሼ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከዘራ የሚይዙ፣ ለእትዬም አንዳንዴ ኪራይ የሚታገሡ ሰው ነበሩ። ጉዳዩን ስንነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጆቼ፣ በስሟ ከተጻፈ ቤቱ የማን ሊሆን ነው?» አሉ። «የእርስዎ ነው እንጂ፤ እሷ ነዋሪ ናት ብለው ብቻ ነው የሚፈርሙት» አልናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናንተ አልነበራችሁም። አባቴ ሁለት ቤት ነበራቸው። አንዱን አከራይተው ልጅ ያሳድጉበት ነበር። በ67 ተከራዩ ቤት ውስጥ ቀረ፤ አባቴ ከደጅ።»

በዚያን ጊዜ አልገባንም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የታሪክ ትምህርት ስንወስድ ነው የገባን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወለት። ኪራይ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ለቀበሌ ተሰጡ። በዚያ አዋጅ ምክንያት በየከተማው እጅግ ብዙ ድኃ ቤተሰብ ከጎዳና ድኗል፤ ዛሬም በቀበሌ ቤት ውስጥ ልጅ ወልዶ ልጁን የሚድር አለ። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ቤቶቹ ያሉት ነበሩ፤ የሚጨመረው ጥቂት፣ የሚፈልገው ሰው ግን እየበዛ ሄደ። ከአዋጁ በኋላ የተረፈው ሌላ ነገር ደግሞ በባለቤቶች ልብ ውስጥ የቀረው ፍርሃት ነው። ተከራይን መጻፍ ቤትን ማጣት ነው የሚል ፍርሃት ከአባት ወደ ልጅ ወረሰ። እነሆ፣ ድኃን ቤት ለማስገባት የወጣ አዋጅ፣ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ አንዲትን ድኃ ከመዝገብ ያስወጣት በዚህ መንገድ ነው። ጋሼን ለመፍረድ ብዙ ሞክረን አልቻልንም።

ልጅቷ ዳነች። እትዬ የዕቁቧን ዕጣ ተራዋ ሳይደርስ ለምና ወሰደች፤ እኛም የሁለት ወር ኪራይ በቅድሚያ ሰጠናት። በዚያ መድኃኒቱ ተገዛ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ሽሮዋ እንዴት እንደቀጠነ የሚያውቀው ግድግዳው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን ስም አንድ ነገር ማለት አለብን። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ቃል ገባ፦ በፈረንጆቹ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማጥፋት። ስሙም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ሰቆጣ የተመረጠችው በ1977 ረኃብ ስሟ በክፉ ስለሚነሣ ነው፤ ክፉው ስም በደግ እንዲለወጥ። ሥራው የተጀመረውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። ይህ ቃል ኪዳን ልጅ የሚቀነጭረው ምግብ ስላጣ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃን፣ ትምህርትን በአንድ ላይ ይጠራል። ደግ ነገር ነው፤ በሰቆጣ ልጅነታችንም እንኮራበታለን። ግን የእትዬ ትንሿ ልጅ የቃል ኪዳኑ ስም ባለቤት በሆነችው ከተማ፣ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ጢስ እየሳበች ነበር የምትኖረው። ምግቡም፣ ውኃውም፣ ሐኪሙም ወደ ልጅ የሚደርሰው በአንድ በር ነው። በሩ የማን ነው? በላዩ ላይ ቁጥር አለው ወይ? ይህን ሳይጠይቁ የሚመጣ ድጋፍ ደጅ ላይ ይቆማል።

ጦርነቱ በ2013 ክረምት ሰቆጣ ደረሰ። እኛ ወደየቤታችን ተበተንን። በ2014 ወደ ትምህርት ስንመለስ ከተማዋ ሌላ ነበረች። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ በመጠለያም በሰው ቤትም ሞልቷል። መብራት የለም። እትዬ ግን እዚያው ነበረች፤ ጉልቻችን እንኳ እንደተጎለተ ነበር። ስታየን አለቀሰች። «አራታችሁም?» ብላ ቆጠረችን። ያን ጊዜ ነው ስንት እንደሆንን መጀመሪያ የጠየቀችን።

የቤት ኪራይ ጨመረ። ጋሼ 1,500 ብር አሉ። የኛ ድርሻ 600፣ የእትዬ 900 ሆነ። የቀን ሥራው ግን እንደ ኪራዩ አልጨመረም፤ ሥራ ፈላጊው በዝቶ ይባስ ብሎ ቀነሰ። ይኼኔ ከኛ የአንዱ አጎት ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ «ቤቴን ጠብቁልኝ፤ በነጻ ኑሩበት» አለን። በነጻ! አባቶቻችን ፍየላቸው አልቋል፤ ለያንዳንዳችን 150 ብር ማለት የወር ዘይትና ደብተር ነው። አንድ ሌሊት እንኳ አልተማከርንም። በአምስተኛው ቀን ዕቃችንን አወጣን። እትዬ ቆሎ ቆልታ በፌስታል ቋጠረችልን። «ደግ ነው ልጆቼ፤ እንኳን ተገላገላችሁ። እግዜር ቤት አያሳጣችሁ» አለችን። እኛም «እንጠይቅሻለን» ብለን ሄድን።

ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አራታችን ትተነው የሄድነውን ሎሚ አንዲት ሴት ብቻዋን ተሸከመች። አንድ ወር ከፈለች። በሁለተኛው ወር ያቺን ክፍል የሚከራይ ፈልጋ ነበር፤ የመጡት ግን ሁለቱንም ክፍል የሚፈልጉ፣ ከእሷ የተሻለ የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው። ልንጠይቃት ስንሄድ በግቢው ገመድ ላይ የተሰጣው የሌላ ሰው ልብስ ነበር።

ያገኘናት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እሷን ሳይሆን ትልቋን ልጇን። በትምህርት ሰዓት መናኸሪያው አጠገብ ቆሎ ትሸጥ ነበር። አምስተኛ ክፍል መሆን ነበረባት። ተከትለናት ሄድን። አዲሱ ቤታቸው ከከተማው ጠርዝ፣ የውኃ ቦኖ ከማይደርስበት ነው። ኪራዩ 500 ብር። «ርካሽ አገኘሽ» አልናት፣ ለማጽናናት። እትዬ ሳቀች። አንድ በአንድ ቆጠረችልን፦ ውኃ በጀሪካን በብር ይገዛል። ቀጣሪዎች ካሉበት አደባባይ ሩቅ ስለሆነ እሷ ስትደርስ ሰው ተመርጦ አልቋል። የጠላ ደንበኞቿ ያን ያህል መንገድ አይሄዱም። ልጆቹን ጎረቤት አይጠብቅላትም፤ ጎረቤቱ አያውቃትም፤ ስለዚህ ትልቋ ትንሿን ትጠብቃለች። የዕድሯም ነገር እንዲሁ ነው፤ ያለችበት ሰፈር ሌላ፣ ዕድሩ ያለበት ሰፈር ሌላ። «ርካሽ ቤት እንደዚህ ነው የሚያስወድድ» አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ሒሳቡን የሠራነው፤ በጣም ዘግይተን። ከ900ው ብር 400ው፣ ከ1,500ው 600ው የኛ ነበር። እኛ ለእትዬ የምንራራ ተማሪዎች፣ ማመልከቻ የምንጽፍላት ምሁራን መስለን ነበር ራሳችንን ያየነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሴፍቲኔቷ እኛ ነበርን፤ ሳናውቅ። ሳናውቅም ቆረጥነው። አራት የገጠር ልጆች ስንቅ ሲያጥራቸው የሚወድቅ ቤት፣ ቤት ነው ወይ? የአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ትምህርት፣ ጤና፣ ሥራ፣ ጉርብትና ሁሉ በእንዲህ ያለ ቀጭን ክር ላይ ሊንጠለጠል ይገባ ነበር ወይ?

በጥፋታችን ብቻ ተወቃቅሰን ብንተወው ግን ነገሩ የአራት ልጆች ኃጢአት ሆኖ ይቀራል። እኛ ባንሄድ በሚቀጥለው ዓመት መመረቃችን አይቀርም፤ ያኔም ትወድቃለች። ስለዚህ ወደ ሕጉ እንመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ትምህርትን፣ ጤናን፣ ንጹሕ ውኃን፣ መኖሪያን፣ ምግብንና ማኅበራዊ ዋስትናን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘረዝራል። ጸሐፊዎቹ በአንድ ትንፋሽ የጠሯቸውን ነገሮች፣ ሥራ ላይ ሲውሉ ግን እያንዳንዱን በየቢሮው አስቀመጥናቸው። ቤት አንድ ቢሮ፣ መድን ሌላ ቢሮ፣ ሴፍቲኔት ሌላ ቢሮ። ሦስቱም ቢሮዎች ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ የት ትኖሪያለሽ?

ለድኃ ቤት አልታሰበም አንልም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል። በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. ለምዝገባ የወጣውን ሰልፍ ያላየ፣ ያልሰማ የለም። ግን 20/80 ማለት ሃያውን እጅ አስቀድሞ መቆጠብ ነው፤ ቀን ሠርታ ማታ ለምትበላ ሴት ሃያውም መቶ ነው። በየክልሉ ከተማ በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ መውሰድ አለ፤ ብዙ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ሠርቶበታል። እርሱም በዝግ ሒሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ወደ ተከራዩ በር የቀረበ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። እትዬ ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ውል ኖሯት ቢሆን፣ ውሉም እንደ ነዋሪነት ማስረጃ ተቆጥሮላት ቢሆን፣ የጋሼ ፊርማ ባላስፈለጋት ነበር። ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፦ የተመዘገበ የኪራይ ውል ለተከራዩ የቤት ቁጥር ይሁንለት። ጋሼን የመሰለ አከራይም ተከራይ ማስመዝገብ ቤት ማጣት አለመሆኑን በግልጽ፣ በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው። ከገጠር መዝገብ የሚሰረዝ ስም ደግሞ የከተማው መዝገብ ሳይቀበለው አይሰረዝ።

«አቅም የለም» የሚለን ይኖራል። እንግዲህ ራሳችንን እንይ። ዛሬ የምንኖረው በዶርም ነው። አልጋ ተሰጥቶናል፤ ካፌው ያበላናል፤ ስንታመም ክሊኒኩ ያየናል። ወደ ውስጥ ስንገባ ሃያውን እጅ ቆጥቡ ያለን የለም። የወጪ መጋራት ውል ፈርመን ገባን፤ የምንከፍለው ተመርቀን ሥራ ስንይዝ፣ ከገቢያችን እየተቆረጠ ነው። መኝታ፣ ምግብና ሕክምና በአንድ መታወቂያ፣ በአንድ የክፍል ቁጥር። ዶርሙ ጠባብ ነው፣ የካፌው ወጥ ቀጭን ነው እያልን እናማርራለን፤ ማማረሩንም አንተውም። ግን አስቡት፤ ይህች አገር መጀመሪያ አስገብቶ ኋላ መቀበልን ታውቅበታለች። ያወቀችው ለኛ ነው። ዕውቀቱ ካለ ለባሬላ ተሸካሚዋ ለምን አይዘረጋም?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስንሄድ እትዬን ጠየቅናት። እዚያው ጠርዝ ላይ ናት። ትልቋ ልጅ በማታው ክፍለ ጊዜ ትምህርት ጀምራለች፤ ትንሿ ፊደል ቆጥራለች፤ ኽምጣኛውንም አማርኛውንም አደባልቃ ታወራለች። እትዬ ለፋይዳ ተመዝግባ ኖሮ ወረቀቷን ከሙዳይ አውጥታ አሳየችን። አሥራ ሁለት አኃዝ ነው። አንዳችን ጮክ ብለን አነበብንላት። «አየሽ፣ አሁን ቁጥር አለሽ» አልናት።

«አለኝ» አለች። «እኔ ቁጥር አለኝ። ቤቱ ነው የሌለው።»

ከዚያም እንደ ልማዷ ወደኛ ዞረች። «እናንተስ? እዚያ ዩኒቨርሲቲው ቤት ሰጣችሁ?» «ሰጠን» አልናት። «አራታችሁንም አንድ ላይ?» «የለም፤ በየክፍሉ በታትኖን ነው።» አዘነች። «ምነው? አብራችሁ ብትሆኑ ኪራዩ ይቀልላችሁ ነበር» አለች። ዶርም ኪራይ እንደሌለው ልናስረዳት ፈለግን፤ ግን ማንኛችንም አልደፈርንም።

ይህን የምታነቡ ጓደኞቻችን፣ ከመካከላችሁ ብዙዎች እንደኛ የሰው ክፍል ተከራይታችሁ፣ በሰው ግድግዳ ጥግ ተምራችሁ የመጣችሁ ናችሁ። ለዕረፍት ስትሄዱ ያቺን ቤት ጎብኙ። ስትከፍሉት የነበረው ብር ከግድግዳው ወዲያ ምን ተሸክሞ እንደነበር ጠይቁ። መምህር፣ ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ የቀበሌ ሹም ሆናችሁ ስትመለሱም፣ አንድ ቀን አራት ልጆች ያማረ ማመልከቻ ይዘው፣ አንዲት እናት አስከትለው ይመጡባችኋል። ጽሑፉ ጥሩ መሆኑን ንገሯቸው፤ ልጅ ናቸው፣ ደስ ይላቸዋል። የቤት ቁጥሩን ግን እናንተ ፈልጉላት።